ለእኔ ቦታ የሌላት ቀይ ሞተር

አምሀን የማውቀው ገና መራመድ ሳይጀምር ነው። እናቱ አበባ ታናሽ እህቴ ናት፤ መርካቶ ሱቅ ስትከፍት ልጁን ወልቂጤ እኔ ዘንድ አምጥታ «እስክቋቋም ያዥልኝ» አለችኝ። እሷ ተቋቋመች፤ ልጁ ግን ከእኔ አልሄደም። እናቱን በስሟ ይጠራል፣ እኔን «እማ ጥሩ» ይለኛል። ሙሉ ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ አሁን አሁን ሙሉውን የሚጠራኝ ግን ወንድሜ ደበሌ ብቻ ነው።

ዛሬ አምሀ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው ሆኗል። ወልቂጤ ውስጥ የወይን ሐረግ በብረት የተጠመጠመበት የግቢ በር ካያችሁ የእሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሥራ ይወዳል፣ አይጠጣም፣ ታላቅ ያከብራል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ጆሮ የለውም፤ ስነግረው ስለማይሰማኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእኔ ጉልበት ነው። የአባቴ ቤት ቸሃ ውስጥ ነው። መኪና አስፋልቱ ላይ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ወንዝ አለ፣ ዳገት አለ፣ በእንሰቱ መካከል የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ድሮ ያንን መንገድ ቅቤ ተሸክሜ ስወጣው ዳገት መሆኑንም አላውቅም ነበር። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ግን መስቀል በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ አባቱ ቤት ሲገባ፣ እኔ ወልቂጤ በሬ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን አያለሁ። ጉራጌ ሆኖ መስቀልን ከአገር ቤት ውጭ መዋል ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም። ሰው በሕይወት እያለ ተዝካሩን ሲበሉለት እንደማየት ነው።

ደበሌ ታላቃችን ነው፤ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። በየመስቀሉ ስልክ ያስደውልና «ጥሩወርቅ፣ ድምፅሽ ደረሰ፣ አንቺስ?» ይለኛል። ምን ብዬ እመልስለታለሁ? «ለከርሞ» እለዋለሁ።

አምሀ ይህን ሁሉ ያያል። አንድ ማታ እግሬን በቅባት ሲያሽልኝ ቀና አለና «እማ ጥሩ፣ ሞተር ስገዛ ከዚች በር አንስቼ ጋሼ ደበሌ በር ላይ ነው የማወርድሽ። መሬት አትረግጪም» አለኝ። አመንኩት። ለደበሌ ነገርኩት፤ ደበሌ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ነገረ።

ከዚያ የሞተር ምርጫ የሚሉት ጣጣ መጣ።

አምሀ ሙሀይሚን የሚባል አብሮ አደግ አለው፤ በሞተር ዕቃ የሚያመላልስ ልጅ ነው። የሙሀይሚን ሞተር ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ ብረት አላት፤ ሙዝ በላት፣ የለስላሳ ሳጥን በላት፣ በግ በላት፣ ሁሉንም ትሸከማለች። ቀለሟ ምን እንደነበር ባለቤቷም ረስቶታል።

«እንደዚች ያለችውን ግዛ» አለው ሙሀይሚን በሬ ላይ ቆሞ። «መቀመጫዋ ረጅም፣ ዕቃዋ በየሱቁ የሚገኝ፣ ጭቃ የማትፈራ። እማ ጥሩን በጎን አስቀምጠህ፣ ቅቤዋን ከኋላ አስረህ፣ ውልቅ ነው።»

«ይቺ ሞተር ናት? ይቺ አህያ ናት።»

«አህያ ምን በደለችህ? የተቀመጥክበትን ቤት አሸዋ ያመጣው አውሮፕላን ነው?»

እኔ ሳቅሁ፤ አምሀ አልሳቀም። ሙሀይሚን የእርሻና የጤና ባለሙያዎች ገጠር የሚወጡባትን እግረ ረጅሟን ሞተር ደግሞ ነገረው። «እሷ ላይ ስቀመጥ ማዳበሪያ ላድል የመጣሁ ነው የምመስለው» አለ አምሀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእኔ አሳየኝ። ቀይ ሞተር ናት፤ መላ አካሏ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ነጂው በሆዱ ተደፍቶ የሚይዛት።

«ይህ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የተደፋው?» አልኩት።

«ስፖርት ናት እማ ጥሩ። ትልልቆቹን አይደለም እኮ፣ ለጀማሪ የሚሆነውን ትንሿን ነው ያልኩት። ነዳጅም አትበላም።»

«እኔስ የት ነው የምቀመጠው?»

ሥዕሉን በሁለት ጣቱ አሰፋውና ከጀርባው ሽቅብ የወጣች አንዲት ነገር አሳየኝ። «ይችውልሽ።» መቀመጫ ሳይሆን የመቀመጫ ፍርፋሪ ነው የመሰለኝ።

አምርሬ ልቃወም ይገባ ነበር። ግን ያ የተደፋ ሰውዬ አባቴን አስታወሰኝ። ጀፎረን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ በእኛ አገር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው መካከሉ ለሁሉ የተተወ ሰፊ ሣር ነው። ከብት ይታሰርበታል፣ ሰርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው፣ ሽማግሌም የሚቀመጠው እዚያው ነው። የማንም አይደለም፤ ለራሱ ክንድ ታህል ቆርሶ ያጠረ ሰው ይቀጣበታል። አባቴ በመስቀል ማግስት በዚያ ሣር ላይ ፈረስ ሲጋልብ ደረቱን በፈረሱ አንገት ላይ ደፍቶ ነበር። ጋቢው ከኋላው ይንሳፈፋል፤ ሰኮናው ሲመታ መሬቱ እኔ ከቆምኩበት አጥር ሥር ድረስ ይሰማኛል። አምሀን ሳቅፈው የኖርኩት በተረት ሳይሆን በዚህ ወሬ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለው «የአያቴን ፈረስ ንገሪኝ» ይላል። እንግዲህ ያ ፈረስ ሃያ ዓመት ሆዱ ውስጥ ሲጋልብ ኖሮ ቀይ ሞተር ሆኖ ወጣ መሰለኝ።

ገንዘቡ ሲሞላለት ቡታጅራ የሚሸጡ አሉ ተባለና ሙሀይሚንን አስከትሎ ሄደ። የሆነውን በኋላ የነገረኝ ሙሀይሚን ነው።

«ሦስት ሞተር አወጡለት እማ ጥሩ። ሁለቱን ዞር ብሎም አላያቸው። ቀይዋ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ አለቀ አልኩ።»

«ምንም አልጠየቀም?»

«ስንት ትሮጣለች አለ። ጭቃ ትችላለች ወይ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሻጩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ ጭቃ ላይ ምን ልታደርጉባት ነው አለኝ። ያኔ ክንዱን ጎተትኩት። ክንዱ የለም፤ ላይዋ ወጥቷል።»

ተራራውን አቋርጠው ሲመጡ ሰፈሩ ከማየቱ በፊት ሰማት። ማርሚታ ከሚሉት ጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ድምፅ የቆርቆሮ አጥሬን ያንቀጠቅጠዋል። አምሀ በሬ ላይ አቁሞ የራስ ቁሩን አወለቀና «እንዴት ናት?» አለኝ። ፊቱ የሦስት ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

«ቆንጆ ናት» አልኩት፤ እውነቴን ነው። አዲስ ልብስ የለበሰች ሙሽራ ትመስላለች። ግን ሆዷ ለመሬት የቀረበ፣ ጎማዋ እንደ ከተማ ጫማ ሶል ለስላሳ፣ ጭቃ የምትከላከለው የኋላ ፓራፋንጎዋ የምላስ ጫፍ የምታህል ናት። እኔ ስለ ሞተር አላውቅም፤ ስለ ጭቃ ግን አውቃለሁ።

«ነይ እስቲ ተቀመጪባት» አለኝ። በርጩማ አመጡ። በርጩማው ላይ ወጣሁ። መቀመጫዋ ከወገቤ በላይ ናት፤ እግሬን አሻግሬ እንዳልቀመጥ ጉልበቴም ቀሚሴም እምቢ አለ፤ በጎን እንዳልቀመጥ የምትይዘኝ ነገር የለም፣ ቁልቁል ታንሸራትተኛለች። አምሀ ከፊት «ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ላይ» ይላል። ሙሀይሚን ከኋላ ደግፎኝ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ይስቃል።

«እማ ጥሩ፣ ይህ እኮ የዶሮ ቆጥ ነው። እንቁላል ከጣልሽ አንዱን ለእኔ።»

ወረድኩ። አምሀ «ይስተካከላል» አለ። ይህችን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንቴ እንደሰማኋት።

ሞተር መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ይዞ መኖር ሌላ። አስፋልቱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲላት ሰው ዘወር ብሎ ያያል፤ ወደ እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ስትገባ ግን ለቀብር እንደሚሸኝ ሰው ነው የሚያዘግማት። የመኪና ፍጥነት ለመግታት በተሠራው እያንዳንዱ ጉብታ ላይ ሆዷ ይፈገፈጋል፤ ሆዷ በተፈገፈገ ቁጥር የእሱ ፊት ይጨማደዳል፣ የራሱ ቆዳ የተላጠ ይመስል። ቤንዚን ሲጠፋ ሌላው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዝቶ ያልፋል፤ እሱ «ያ ያበላሻታል» ብሎ ማደያ ሲሰለፍ ይውላል። በገበያ ቀን አንድ ባጃጅ ጎኗን ነካትና ፕላስቲኳ ተሰነጠቀ። ወልቂጤ ተፈለገ የለም፤ ቡታጅራ የለም፤ አዲስ አበባ ተጠየቀ፣ «ይመጣል» አሉ። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ፕላስቲክ አሸነፈውና በቀይ ፕላስተር ለጠፈው።

በዚያ ላይ እንደዚያ ተደፍቶ ሲነዳ አንገቱና የእጁ አንጓ ታመሙ። ማታ ማታ እግሬን ያሽልኝ የነበረው ልጅ ተንበርክኮ እኔ አንገቱን ማሸት ጀመርኩ፤ በዚያው ቅባት።

ሥራውንስ? አንዲት ቱቦ ላሜራ እንኳ አትጭንለትም። ብረቱን ሙሀይሚን ነው የሚያመጣለት። እነሱን መንገድ ላይ ማየት ነበረባችሁ፤ አምሀ ከፊት በቀይዋ፣ ሙሀይሚን ከኋላ ብረቱን ጭኖ።

«ችግር የለም» ይላል ሙሀይሚን። «ባለሥልጣን ያለ አጃቢ አይሄድም።»

ለሰርግ ግን ይፈለጋል። የሙሽሮቹን መኪና እየመራ እንዲሄድላቸው ይለምኑታል፣ ሪባን ያስሩላታል፣ ፎቶ ይነሱባታል። ያን ቀን ሲመለስ ቁመቱ ይጨምራል። እኔ ደግሞ «እሺ፣ ሙሽራ ታጅባለች፣ አሮጊትስ?» እለዋለሁ። «ይስተካከላል እማ ጥሩ።»

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ጠየቅሁት። «መስቀል ደረሰ። ደበሌ ትመጫለሽ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ምን ልበለው? ሙሀይሚን እኔ አደርሳታለሁ እያለ ነው።»

«በሰው ሞተር? ቤቴ ሞተር ቆሞ?» አለና ተቆጣ። ከዚያ ብዙ ቀን ከሥራ እያመሸ ይመጣ ጀመር። አንድ እሑድ ጠዋት አንድ ነገር በጆንያ ጠቅልሎ አመጣ።

ወንበር ነው። ከብረት የተሠራ፣ መደገፊያ ያለው፣ የክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ በግራ በኩል እግሬን የማሳርፍበት ሰሌዳ የተበየደለት። ስፖንጁን ሶፋ ሠሪዎች ዘንድ ነው ያስለበሰው። መደገፊያው ላይ ያችን የወይን ሐረጉን ጠምዝዞባታል፤ ለሀብታም ግቢ የሚሠራትን። ከቆጧ ላይ በብሎን አስሮ፣ ዝቅ አድርጎ፣ በጎን አስቀመጠኝና እስከ መናኸሪያው አንሸራሸረኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየኝ። በዕድሜዬ ብዙ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ለእኔ ተለክቶ የተሠራ ወንበር ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በዚያኑ ቀን ለደበሌ ደወልኩ። «ዘንድሮ እመጣለሁ፤ ወንበር ሁሉ ተሠርቶልኛል።»

«እንግዲህ ቃል ላክሽ» አለኝ። «አንቺ ሳትገቢ ቢላ አይነሳም።»

ይህ የቤታችን ሥርዓት ነው። እመጣለሁ ብሎ ቃል የላከ ሰው ሳይገባ የመስቀሉ ሰንጋ አይታረድም። አባቴ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የወንድሙን ልጅ ሲጠብቅ፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በረሃብ ሲቁነጠነጥ ውሎ በሬው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው የወደቀው። ስለዚህ እመጣለሁ ብሎ እንደ ቀልድ የሚቀሩበት ነገር አይደለም። እኔ ከቀረሁ የቀረሁት ብቻዬን አይደለም፤ ዓይነ ስውር ወንድሜን በሕዝብ ፊት አቁሜው ነው።

በዋዜማው ከተማው በአዲስ አበባ ሰው ተሞላ። የአምሀ ጓደኞችም መጡ፤ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ስልክ። ቀይዋን ከበቧት። እኔ በሩ ጋ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥሳለሁ። አንደኛው ወንበሩን ነካ አደረገና «ብሮ፣ ይሄ ምንድን ነው? ዊልቸር ነው?» አለ። ሳቁ። አምሀም አብሮ ሳቀ። አብሮ ሲስቅ ነው ልቤ የፈራው።

ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ይዞ ብሎኖቹን ሲፈታ አየሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ላጥባት ነው።»

ታጠበች። ተወለወለች። ወንበሩ ግን በሬ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር እንደተቀመጠ አደረ።

ጠዋት አዲስ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። እኔ ከነጋ ጀምሮ ለብሼ፣ ቅቤዬን ቋጥሬ እጠብቃለሁ። «እማ ጥሩ፣ መንገዱን አይቼ ልምጣ» አለኝ። «ወንዙ ሞልቶ ከሆነ አንቺን ይዤ መሃል ላይ ብቆም አይሆንም። አይቼ፣ ተመልሼ፣ ወንበሩን አስሬ እወስድሻለሁ።»

«ለምን አሁኑኑ አታስረውም?»

«ይቀልለኛል ብዬ ነው» አለና ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥኩት።

የምቀመጥበት ሌላ ነገር አጥቼ አይደለም፤ ግን እዚያው ግድግዳው ሥር ያለው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሞተር የሌለው የሞተር ወንበር ላይ፣ ቅቤዬን አቅፌ፣ ግራ እግሬን ሰሌዳው ላይ አሳርፌ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰሽ፣ አልሄድሽም እንዴ?» ይለኛል። መልሱ ሲሰለቸኝ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከፍ አለች፣ አናት ላይ ሆነች። የአምሀ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም።

ደበሌ አስደወለ። «የት ደረሳችሁ?»

«በር ላይ ነኝ።»

«የእኔ በር ላይ?»

«የራሴ በር ላይ።»

ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል። ብዙ ሊለኝ ይችል ነበር። «በሬው ታስሯል» ብቻ አለኝና ስልኩ ተቋረጠ።

ሙሀይሚን የደረሰው ያኔ ነው። እነሱም ቤት መስቀል ሲሆን ይታረዳል፤ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ለመስቀል አገሩ ይገባል። የቤተሰቡን ዕቃ ጭኖ ሊወጣ ነበር፤ እኔን ሲያይ ሞተሩን አቆመ።

«አንቺ አሁንም ቆጡ ላይ ነሽ?»

ፊቴን አየና ቀልዱን ተወ። የለስላሳውን ሳጥን አውርዶ ጎረቤት አስቀመጠ፣ መጫኛው ላይ ጆንያ አጣጥፎ ጋቢ አነጠፈበት፣ በጎን አስቀመጠኝ፣ ቅቤዬን በጎማ ገመድ ከኋላዬ አሰረ። «አጥብቀሽ ያዢኝ፤ እንቁላል የለም» አለኝ።

ወንዙ ሞልቶ አልነበረም። ውሃው ከጎማው ግማሽ አይደርስም። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ አምሀ አህያ ያላት ሞተር እየተንገታገተች ወጣችው። ሁለት ቦታ ላይ ሙሀይሚን ወርዶ እኔን እንደተቀመጥኩ ገፋኝ። በእንሰቱ መካከል ስናልፍ የራሰው ቅጠል ፊቴን ሲዳብሰኝ፣ እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ንዴቴ ለአፍታ ተረሳኝ። መሬት አትረግጪም ያለኝ አምሀ ነበር፤ መሬት ሳልረግጥ የወሰደኝ ሙሀይሚን ነው።

ጀፎረው ጫፍ ስንደርስ ሙሀይሚን ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደና በአጥሩ ጥግ ባለው ቀጭን መንገድ ይገፋኝ ጀመር። «ሣሩ ላይ አልገባም» አለኝ። «የእኔም አያት ከዚህ ማዶ ነው የተቀጣው፤ በሬውን ያለቦታው አስሮ።»

ያኔ ነው ያየሁት። በዚያ አረንጓዴ ሣር መሃል፣ ማረሻ የገባበት የሚመስል ረጅም ጥቁር ቁስል። በቁስሉ መጨረሻ ቀይዋ በጎኗ ተኝታለች፤ ፕላስቲኳ እንደ እንቁላል ቅርፊት በየቦታው ተበትኗል። ከእሷ አለፍ ብሎ የተነቀለ ካስማ፣ የተበጠሰ ገመድ። በሬ የለም። ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ አምሀ ፊታቸው ቆሟል፤ አዲሱ ጃኬቱ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሷል።

የሆነው ይህ ነው። መንገዱን አይቶ ሊመለስ ነበር፤ ሐሳቡስ ነበረው። ዳገቱ ጭቃ ላይ ቀይዋን ሲገፋ እኩለ ቀን አለፈበት፤ ጀፎረው አፍ ላይ ሲደርስ ግን ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ስልካቸውን ደግነው «አንዴ ሳባት» አሉት። እሱም እንደ አያቱ ደረቱን ደፍቶ ጋዝ ሰጣት። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ያች ለስላሳ ጎማ ሣሩን ገፈፈች እንጂ አልያዘችውም፤ በጎኗ እየተንሸራተተች ወደ ታሰረው ሰንጋ ሄደች። ሰንጋው ካስማውን ነቅሎ እንሰቱ ውስጥ ገባ። እኔ ስደርስ የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ በሬ ፍለጋ ወጥቷል።

ጎኔ ተይዞ ዛፉ አጠገብ ስደርስ የሚናገረው አባ ሀብቴ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ነው።

«ልጄ፣ ጀፎረ መሆኑን አታውቅም?»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። አያቴም ፈረስ ይጋልብበት ነበር።»

«ይጋልብ ነበር። ግን መሬቱ ሲደርቅ ነው፤ ዝናብ ባደረ ማግስት አይደለም። ደግሞ ፈረስ የቀደደውን ሣር በፋንድያው ይክሳል። ያንተዋ ምን ጣለች?»

«ዘይት» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ። አምሀ አንገቱን ደፋ፤ በዚህኛው መደፋት አባቴን አልመሰለም።

ቂጫ የምንለው የአባቶች ሕግ አለን፤ በዚያ ፈረዱበት። የተገፈፈውን ሣር ከወንዙ ዳር በእጁ እየቆረጠ፣ በራሱ ተሸክሞ እያመጣ ይተክላል። ሣሩ ሥር እስኪይዝ ሞተሯ ከደበሌ ግቢ አትወጣም።

«ወልቂጤ ሥራ አለብኝ፤ በምን እመላለሳለሁ?» አለ አምሀ።

«ሞተር ያለው ጓደኛ የለህም?» አለው አባ ሀብቴ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሙሀይሚንን አየ። ሙሀይሚን ሰማይ ሰማይ ያያል።

ደበሌ በሩ ላይ በዱላው ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ጥሩወርቅ ናት?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቴን በሁለት እጁ ዳሰሰኝ። ረጅም ጊዜ ዳሰሰኝ። «ሳትገቢ አላረድኩም» አለኝ።

«በሬው ስለጠፋ ነው እንጂ» አለ አባ ሀብቴ።

«ቢጠፋም ጠብቋታል።»

በሬው ከሰዓት በኋላ ተገኘ፤ ከጎረቤት መንደር የእንሰት ጓሮ ቆሞ ሲበላ። የእንሰቱ ባለቤትም የራሱ ክስ ይዞ መጣ፤ እሱን ሌላ ጊዜ። እርዱ ተፈጸመ፣ ክትፎው ተበላ፣ ደበሌ መረቀን። በአባቴ ቤት፣ በአባቴ ምሰሶ ሥር ተቀምጬ መስቀልን በላሁ። ደስ ሊለኝ በተገባ፤ ደስም ብሎኛል፤ ግን ያን ጠዋት አልረሳሁትም።

አምሀ ሲመሽ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «እማ ጥሩ፣ ልመለስ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ያለ እኔ ለምን ሄድክ?»

የጃኬቱን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው።»

«እኔም እኮ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያዩኝ ነበር የፈለግሁት» አልኩት። «በዚያ በሠራህልኝ ወንበር ላይ።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በሙሀይሚን ሞተር፣ እኔ በተቀመጥኩበት ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ሣር ሊተክል ሲመላለስ ከረመ። ሣሩ ያዘ። ሞተሯ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ይኸው እስከ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች፤ ፕላስቲኳ «ይመጣል» እንደተባለ ነው። ሽጣት ስለው «አሁን ማን ይገዛታል» ይላል፤ ጠግናት ስለው «ዕቃው ሲመጣ» ይላል። ዶሮዎቼ ሸራው ላይ ያድራሉ፤ ሙሀይሚን ገና ድሮ ብሎት ነበር።

አሁን ደግሞ መስቀል ሊደርስ ነው። ደበሌ ትናንት አስደውሎ «ዘንድሮስ በምን ትመጫለሽ?» አለኝ። አምሀን አየሁት። ሸራውን ገልጦ ቀይዋን ይወለውላል።

«ዘንድሮማ እኔ ነኝ የምወስድሽ» አለኝ ሳይዞር።

እኔ ለሙሀይሚን ነገርኩ። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ወንበሬን ከግድግዳው ሥር አነሳና የእሱ ሞተር መጫኛ ላይ ለካው። ብሎን ማስገባት አቃተው፤ እጁ ለዚህ አልተሠራም። አምሀ ቆሞ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ጨርቁን ጣለና ቁልፉን ከእጁ ቀማው፣ ተንበረከከ፣ አራቱንም ብሎን አጠበቀ። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። አልተነቃነቀም።

«ልክ ነው» አለ። ከዚያ ተነስቶ እጁን ጠራረገና «ለዘንድሮ ብቻ ነው። ለከርሞ የእኔዋ ላይ እመልሰዋለሁ» አለ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ወንበሬ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩና ሙሀይሚንን «እስቲ እስከ መናኸሪያው ውሰደኝ፤ ልሞክረው» አልኩት። ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ፤ አምሀ ሸራውን መልሶ እያለበሳት ነበር።